እንደ ጎመን የተተከለ ፍጅል

የአንድ ሰው ነፍስ በስንት እፍኝ አትክልት የምትመለስ ይመስላችኋል? አትሳቁ። ለጨዋታ የጠየቅሁ አይደለም። በጣሊያን ዘመን፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ ከገበያው በታች ባለች አንዲት ጠባብ ጓሮ ውስጥ፣ ሁለት ሴቶች ጤዛው ሳይረግፍ ተንበርክከው ሥር ይነቅሉ ነበር። አንደኛዋ ጌጤ ናት፤ ሁለተኛዋ የባሏ እናት እትዬ ፈንታነሽ። አፈሩን በጣታቸው ፈልፍለው፣ ቅጠሉን ከአንገቱ ይዘው፣ ቀስ ብለው ይስቡታል። የወጣውን ያዩታል። ከዚያ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ እንቅቡ ውስጥ ያስቀምጡትና ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። የሚቀጥለውም ያው ነው። ይወጣል የተባለው ቀይ፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ የዶሮ እንቁላል አስኳል የሚያህል ሥር ነበር። የወጣው ግን ቀጭን፣ ጠማማና ጸጉራም ነው፤ ገሚሱ ሁለት ቦታ፣ ገሚሱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። እትዬ ፈንታነሽ አንዱን አንሥተው አፈሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ይኸ የዶሮ እግር ነው» አሉ።

ጌጤ የሚቀጥለውን ሥር ያዘች። መልስ ብትሰጥ ታለቅሳለች፣ ብታለቅስ ደግሞ አማቷ ያለቅሳሉ፣ ሁለቱም ካለቀሱ እንቅቡን ይዞ ወደ ጣሊያኑ ምሽግ የሚሄድ ሰው አይኖርም። ምሽጉ ውስጥ የታሰረው የአንዷ ባል የሌላዪቱ ልጅ ሙላቴ ነው። ጉና ላይ ላሉት አርበኞች ገብስ በአህያ ጭነህ ልከሃል ተብሎ ተያዘ። ልኮ እንደ ሆነ አልልም፤ ልኮም ከሆነ እጁ ይባረክ። ያን ቀን የጣሊያኑ አዛዥ ከጎንደር ለመጣ አለቃው ግብዣ ያደርጋል፤ ከግብዣው በኋላ እስረኞቹ በካሚዮን ተጭነው ወደ ጎንደር ይወሰዳሉ፤ ከጎንደር ወዲያ ወዴት እንደሚደርሱ የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ አገር ልማድ ግን ሹም ግብር ባበላ ቀን እስረኛ ይፈታል፤ ደጅ የሚጠናም ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፣ እጅ መንሻ ይይዛል። ሁለቱ ሴቶች ከመሬት እየነቀሉ የነበሩት ያን እጅ መንሻ ነው። ሌላ የቀረ ነገር አልነበራቸውም። በሬው ለፍርድ ቤቱ ዘበኛ፣ ጊደሪቱ ለምስክር፣ ማሩ ለማን እንደ ሆነ እንኳ ለማይታወቅ ሰው ሄዶ አልቋል።

ዘሩን በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላት ካሳሁን ነው። ካሳሁን የእትዬ ፈንታነሽ የእኅት ልጅ ነው፤ እናቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተች ከሙላቴ ጋር አንድ ቁርበት ላይ ተኝቶ፣ አንድ ገበታ በልቶ ያደገ። አሥመራ ሄዶ ቋንቋ ተምሮ ተመለሰና ጣሊያን ሲገባ የምሽጉ አስተርጓሚ ሆነ። አንድ ቀን ከደጅ ሳይቀመጥ እንዲህ አላት፦ አዛዡ ከአገሩ ከወጣ ወዲህ እንደዚህ ሥር ያማረው ነገር የለም፤ ቀይና ክብ ነው፣ ጥሬውን በጨው ይበላል፤ ምሽጉ ውስጥ የዘሩትን በቅሎዎቹ ጨረሱት፤ ወጥ ቤቱ ሽማግሌ ጣሊያን ነው፣ እጇ የተባረከ ሴት ፈልግልኝ ብሎኛል፤ ለግብዣው ቀን ካደረስሽው ራስሽ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ እኔ ቃልሽን አደርስልሻለሁ፣ ሙላቴ ከካሚዮኑ ይወርዳል። ይህን ብሎ ሄደ።

ጌጤ በጎመን የታወቀች ናት። ከዚያ ሰፈር ጎመን የሚበላ ሁሉ ፍሉን የሚወስደው ከእሷ መደብ ነበር። ዘሩን በተለሰለሰ አፈር ላይ ታፈላዋለች፣ ችግኙ ጣት ሲያክል አንድ በአንድ ነቅላ ሰፋ ባለ ቦታ ትተክለዋለች። እናቷ ያስተማረቻት እንደዚያ ነው፤ የእናቷም እናት። ተነቅሎ ያልተተከለ ጎመን ቀጥኖ ይቀራል፣ ሳይበላ ያብባል። ስለዚህ ለባሏ ነፍስ የመጣውን ዘርም ከሁሉ በሚበልጠው በምታውቀው ጥበብ አከበረችው። አፈሩን በወንፊት ነፋች። ዐመድ ነሰነሰች። ፍሉ በደረሰ ጊዜ ፀሐይ እስክትበርድ ጠብቃ፣ እያንዳንዱን ከነአፈሩ በመዳፏ አቅፋ፣ ጉድጓድ በጣቷ ምሳ፣ ሥሩን ቀጥ አድርጋ ተከለች፤ እትዬ ፈንታነሽ ከኋላ ከኋላዋ በቅል ውኃ እያንጠባጠቡ። ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ከምንጭ ውኃ ተሸከመች። የደብረ ታቦር ውርጭ ሲያስፈራት የሙላቴን ጋቢ አውጥታ አለበሰችው፤ ራሷ በብርድ ተኮራምታ አደረች። ከተከለችው አንድም አልደረቀባት። ቅጠሉ ተንሠራፍቶ ያየው ሁሉ ቀና። አንዱን ነቅላ ከሥር እንዴት እንደ ሆነ ልትመለከት ብዙ ጊዜ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ግን አንዱ እንኳ ቢጎድል የሙላቴ ዕድሜ የሚጎድል እየመሰላት እጇን ትሰበስባለች።

ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታቸው የራቢያ ድምፅ መጣ። ራቢያ የጨው ነጋዴው የሸሪፍ ሚስት ናት፤ ወሬ ሳትሰማ ምራቅ የማትውጥ፣ ግን ቁራሽ ብቻዋን የማትበላ ሴት።

«ጌጤ! ነቀላችሁ ወይ? ሸሪፍ መተማ ሲወርድ በልቶታል አሉ። ፍጅል ነው ስሙ። አፍ ያቃጥላል፣ ግን ያስለምዳል አለኝ። ለእሱ አንዲት ብታስቀሪለት ምናለ፣ ዛሬ ደግሞ ልሳኑ ተዘግቶልኝ ይውል ነበር!»

እየሳቀች አጥሩን ከፍታ ገባች። እንቅቡን አየችና ሳቋ ቆመ። ጎንበስ ብላ አንዱን በሁለት ጣት አነሣችው፤ መልሳም አስቀመጠችው። «ወላሂ፣ ቅጠሉስ ማማሩ» አለች። ከዚያ ወጥታ ተመለሰች፤ በእጇ የአሞሌ ስባሪ ይዛለች። አሞሌ በሊሬ አልሸጥም እያለ ነጋዴው ሁሉ ጠገራ ብር በሚጠይቅበት ዘመን ነው እንግዲህ። «በጨው ነው የሚበላው ብላችሁኛል። ጨው ሳይዙ መሄድ ነውር ነው» አለችና እንቅቡ ጥግ ላይ አኖረችው። እትዬ ፈንታነሽ እጇን ይዘው ሳሙት።

ጌጤ ሥሩን አጠበች። ጸጉሩን በጥፍሯ ቀነጠበች። ስንጥቁ ያነሰውን ወደ ላይ፣ ስንጥቁ የበዛውን ወደ ታች አደረገችና ቅጠሉን በዙሪያው እንደ ዘውድ አሰናዳችው። አንዲት ሴት ልጅ ድራ ስታስወጣ የምታደርገውን ያህል ደከመችበት። በመጨረሻ ነጠላዋን አልብሳው ራሷ ላይ አነሣችው። እትዬ ፈንታነሽ እስከ በሩ ሸኟት።

«ካሳሁን አለ» አሉ። «ክብ ባይሆንም እሱ አፍ አለው። በአፉ ያከብበዋል።»

«አዎ እማማ። አንቱ አይጨነቁ።»

ወደ ምሽጉ የሚወስደው ዳገት በገበያው መካከል ያልፋል። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ቢሆንም መንገዱ ዳር የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ የገብስ ቆሎ፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ከወንዛዬ ፍል ውኃ በጋን ያስመጣችውን ጠበል ለሕመምተኛ ትሸጣለች። ጌጤን ያወቋት ሁሉ ዐንገታቸውን ሰበሩ። ማንም ወዴት ነሽ አላላትም። ወደ ምሽጉ የሚሄድ ሰው ወይ ሊከስስ ነው ወይ ሊለምን ነው፤ ሁለቱንም ማወቅ አይበጅም። እንደዚህ ያለ ዝምታ አለ በከተማችን። ፍርሃት ብለን እናልፈዋለን፤ እኔ ግን ገና ስሙን አላገኘሁለትም።

ካሳሁን በሩ ላይ ጠበቃት። የታሸ ጫማ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ ከአገሩ ፀሐይ ይልቅ የጣሊያን ሳሙና የነካው ፊት። ቤት ሲመጣ «አንተ» ትለው ነበር፤ እዚያ በር ላይ፣ ዘበኞቹ እያዩ፣ አፏ ራሱ «አንቱ» አለ።

«ጤና ይስጥልኝ። ይኸው አመጣሁ፤ ይዩልኝ።»

ነጠላውን ገለጥ አደረገ። ቅጠሉን አየና ፈገግ አለ። ቅጠሉን ወደ ጎን ሲገፋው ግን ፈገግታው የት እንደ ገባ አልታወቀም። አንዱን ሥር መዝዞ አገላበጠው።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ምን አደረግሁ? ፍሉን አፍልቼ፣ አንድ በአንድ ነቅዬ ተከልሁት። እንደ ጎመኑ። አንድም አልደረቀብኝ» አለች ጌጤ፤ ይህን ስትል በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ኩራት ድምፅዋ ውስጥ ነበረ።

ካሳሁን ዝም አለ። ይህን ዝምታ ልብ በሉልኝ። ሰው ያላወቀውን ነገር ሲሰማ ይጠይቃል፤ ያወቀውን ነገር ሲሰማ ነው ዝም የሚለው። ሥሩን ወደ እንቅቡ መለሰ፣ ጣቱን በመሐረቡ ጠረገና «ተከተይኝ፤ ካልጠየቁሽ አትናገሪ» አለ።

ዳስ ተጥሎ ነጭ ልብስ የለበሰ ገበታ ተዘርግቷል። ከመካከል አዛዡና ከጎንደር የመጣው አለቃ፣ በግራ በቀኝ መኮንኖች። በእኛ ጾም የበግ ጠቦት ይሸታል። ጌጤ እንቅቡን እንደ ልማዱ በሁለት እጇ ዝቅ አድርጋ አቀረበች፤ ካሳሁን ነጠላውን አነሣ። አዛዡ በመጀመሪያ ቅጠሉን ሲያይ ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። ናፍቆት ነው፤ የሰው አገር የወረረም ሰው የእናቱን ጓሮ ይናፍቃል። ከዚያ ከቅጠሉ ሥር ያለውን አወጣ። ሁለት እግር አለው። አንድ ወጣት መኮንን ከእጁ ተቀበለውና በነጩ ገበታ ላይ በሁለት እግሩ አቆመው፤ እንደ ወታደርም በብርጭቆዎቹ መካከል አራመደው። ገበታው በሙሉ ሳቀ። ያ ሥር የጋቢ ሙቀት ጠጥቶ ያደገ መሆኑን የሚያውቅ በዚያ ዳስ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም አትናገሪ ተብላለች።

አዛዡ አልሳቀም። ወደ ካሳሁን ዞሮ አጭር ነገር ጠየቀ። ካሳሁን ረዘም አድርጎ መለሰ። አዛዡ ጌጤን ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣ። በእጁ ወደ ውጭ አመለከተ። ጌጤ ግንባሯን መሬት አስነካች።

«ስለ ሙላቴ ንገሩልኝ! ስለ ባሌ!»

«ነግሬልሻለሁ፤ ተነሥተሽ ሂጂ» አለ ካሳሁን።

እንቅቧን ከወጥ ቤቱ ጓዳ እንድትወስድ ወደ ኋላ ላኳት። እዚያ ሽንኩርት የሚልጥ፣ አስካሪ፣ ማለት የጣሊያን ቅጥር ወታደር ሆኖ የመጣ፣ ሀድጉ የሚባል የሐማሴን ሰው ነበር። እንቅቡን ገልብጦ አፈሩን አራገፈላትና ሊሰጣት እጁን ዘርግቶ እንደ ገና መለሰው።

«ሓፍተይ» አላት በአገሩ ቋንቋ፣ እኅቴ ማለቱ ነው፤ «ነቅለሽ ትከዪ ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። ተክል እንዲህ ነው የሚተከለው።»

«ይኸኛው እንዲህ አይደለም። በተዘራበት ይኖራል። ሥሩ ከተነካ ይሰነጠቃል እንጂ አይከብም። ሽማግሌው ወጥ ቤት ዘሩን ሲሰጥ ሁለት ጊዜ ተናግሯል፤ ‹የተዘራበት ይቅር፣ እንዳትነቅለው በላት› ብሎ። እኔ እዚሁ ቆሜ ነበርሁ።»

«ለማን ነው የተናገረው?»

ሀድጉ በዐይኑ ወደ ዳሱ አመለከተ። ጌጤ እንቅቡን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ቆመች።

«ቅድምስ? አዛዡ ሲጠይቀው ምን አለ?»

«ከዚህ ሁሉም ይሰማል። አዛዡ ‹አትክልቱን እንዴት እንደምትተክል አልተነገራትም ወይ› አለ። ዘመድሽ ‹ደኅና አድርጌ ነግሬያት ነበር፤ እያወቀች ነው ያበላሸችው፤ ከባሏ ጋር አንድ ልብ ናቸው› አለ።»

«የሙላቴንስ ነገር?»

«ስሙን አላነሣም።»

ጌጤ ወደ ዳሱ ሮጠች። ሮጠች ስላችሁ እንቅቡ ከእጇ ወድቆ፣ ነጠላዋ ተጎትቶ ነው። ዘበኛው ጠመንጃውን አግድሞ ደረቷ ላይ ያዛት። ከዚያው ሆና ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፦ «ጌታዬ! አልነገረኝም! ቃሉን አስቀረብኝ! ባሌ ምን አደረገ!» ሳቁ ቆመ። አዛዡ ቀና ብሎ አያት። ከዚያም ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ ምን እንደምትል ለማወቅ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። በዚያ ዳስ ውስጥ ጩኸቷን ወደ ዳኛዋ ጆሮ ሊያደርስ የተሾመ አፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የተከሰሰው አፍ ነው። ካሳሁን ጥቂት አሰበና ፈገግ ብሎ ተረጎመ። አዛዡም ራሱን ነቅንቆ ብርጭቆውን ወደ ጌጤ ከፍ አደረገ፤ ለጤናዬ ጸለይሽልኝን፣ ይስጥልኝ እንደሚል ሰው። ሀድጉ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ጣሊያንኛ ያውቃል። ዐይኑን ወደ ሽንኩርቱ መለሰ። ልፈርድበት አልችልም፤ ላመሰግነውም አልችልም።

ካሚዮኖቹ ከምሽጉ ሥር ቆመው ነበር። ጌጤ ወጥታ መንገዱ ዳር ከቆሙት ሴቶች መካከል ገባች። እስረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው ሲጫኑ ሙላቴን ከጀርባው ለየችው፤ ሸሚዙ ከትከሻው ተቀዷል፤ ያን ቀዳዳ እሷ ሰፍታው ነበር። ስሙን ጠራችው። ሞተሩ ተነሥቶ ስለ ነበር ሁለተኛ ጠራችው። ዞሮ አያት። ከስቷል፣ ግን ያው ሙላቴ ነው፤ በደኅና ቀን እንደሚያደርገው ቅንድቡን ከፍ አደረገላት።

«እማዬን እንዳትነግሪያት!» አለ ከጫጫታው በላይ። «ተፈታ፣ ገሳይ የመንገድ ሥራ ገባ በያት! ትሰሚያለሽ? ገሳይ በያት!»

«እሺ» አለች።

ካሚዮኑ ተነቃነቀ። ገሳይ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ካሚዮኑ በምዕራብ በኩል ወረደ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ሴቶቹ ቆሙ፤ ከዚያ አንዲቱ ጀምራ ሁሉም ወደ የቤታቸው ተበተኑ፣ ሳይሰነባበቱ።

እትዬ ፈንታነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። እሳት አልነደደም። የተቦጫጨረው ጓሮ በበሩ በኩል ይታያል፤ ጋቢው ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ልጄ ሲመጣ ይለብሰዋል ብለው ማጠባቸው ነው። ጌጤ ገብታ ባዶ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። አሮጊቷ መጠየቅ ፈሩ። እሷም እንዳይጠይቋት ፈራች። ከጎረቤት አንድ ዶሮ ጮኸ።

«ተቀበሉት ወይ?» አሉ በመጨረሻ።

«ተቀበሉት።»

«የዶሮ እግሩን?»

«አዎ እማማ። ፈቱት። ገሳይ የመንገድ ሥራ አስገቡት። ሲያልቅ ይመጣል።»

እትዬ ፈንታነሽ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሲያነሡት ፊታቸው ርሷል፣ ግን ይስቃሉ። «ወይ የዶሮ እግር! ወይ የዶሮ እግር!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ እሳት ለማንደድ ተነሡ፤ ዛሬ ሽሮ ይሠራል፣ ካሳሁን ሳይመጣ አይቀርም፣ የእኅቴ ልጅ፣ ያጠባሁት ጡት አልከዳኝም እያሉ። ጌጤ ተነሥታ እንጨቱን ሰበረችላቸው። ምን ታድርግ? ባሏ ከካሚዮን ላይ የጣለላት አደራ ይህ ነው። አደራውን ለመጠበቅ የባሏን ገዳይ ማስመረቅ ይኖርባታል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካሳሁን መጣ። ለምን እንደ መጣ አላውቅም። ምናልባት ሴትየዋ የሰማችውን ለማወቅ ነው፤ ምናልባት ሰውን ወደ ገደለው ሰው ለቅሶ ቤት የሚጎትት ነገር አለ። እትዬ ፈንታነሽ ከበሩ ሳይገባ ተንሰፍስፈው ዐንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። «ገሳይ አደረስህልኝ! አንተ ልጄ፣ አንተ የእኅቴ ዐይን! ምላስህ ይለምልም! ምላስህን እሾህ አይውጋው!» ካሳሁን በትከሻቸው ላይ ጌጤን አያት። ጌጤ አልተነቃነቀችም። ነገሩ ገባው፤ በአንዲት ቅጽበት ገባው፣ ብልህ ሰው ነው።

«አዎ እማማ» አለ። «ገሳይ ነው ያለው። ደኅና ነው።»

ጌጤ ውኃ አምጥታ እጁን አስታጠበችው። ዝቅ ብላ ስታፈስ እሱ ጣቶቹን እንጂ እሷን አላየም። በላ። አሮጊቷ ከራሳቸው ፊት እየቆረሱ አጎረሱት። የበቅሎውን ሁኔታ፣ የምሽጉን ዳቦ፣ የጎንደርን እንግዳ አወራላቸው፤ እየሳቁ ሰሙት። ጌጤ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሊሄድ ሲነሣ ሸኝታው ወጣች፤ ጓሮው ጥግ ላይ ቆሙ።

«ሽማግሌው ሁለት ጊዜ የነገረህን ለምን አስቀረህብኝ?» አለች። አሁን «አንቱ» የለም።

«ማን አለሽ?»

«ለምን አስቀረህብኝ?»

ወደ ተቆፈረው መሬት ተመለከተ። «ላንቺ ደግሞ ስለ ተክል ይነገራል እንዴ? አገሩ ሁሉ ፍል የሚወስደው ካንቺ አይደለም ወይ? ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ» አለ። ጥቂት ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ ዝም ብትዪ ይሻልሻል። የሚቀጥለው ካሚዮን ሴትም ይጭናል» አላትና ሄደ።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ሙላቴ አልተመለሰም። ከጎንደር ወዲያ አየነው የሚል አልተገኘም፤ መቃብሩም የለም፤ ፍትሐትም ያደረሰለት የለም፣ ምክንያቱም እናቱ ገሳይ መኖሩን ያምናሉ። እትዬ ፈንታነሽ ከገሳይ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ከበር ወጥተው ይጠይቁ ነበር፤ ሲሞቱም ካሳሁንን መርቀው ሞቱ። ጌጤ ከሙላቴ ልጅ ስላልነበራት፣ ርስቱ ለሥጋ ዘመድ ይገባል ተብሎ ተፈረደ። የሥጋ ዘመዱ ማን እንደ ሆነ ልንገራችሁ? ጓሮው ዛሬ የአቶ ካሳሁን ግቢ ውስጥ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ቀበቶውን ፈቶ ነጭ ጋቢ ለበሰ፤ ዛሬ የሽማግሌ ወንበር አለው፤ በየሰርጉና በየተዝካሩ «እኔ በዚያ ዘመን በምላሴ ስንት ነፍስ አወጣሁ» እያለ ይናገራል፣ ሰዉም እግዜር ይስጥልን ይለዋል። ጌጤ የሰው ጎመን እየኮተኮተች ትኖራለች። ጣሊያኑን ማንም ያውቀዋል፤ ሊገድል መጥቶ ገደለ፣ ተባርሮም ሄደ። እኔን የሚያንገበግበኝ ያልሄደው ነው። አንዲት መሥመር የማትሞላ ቃል ነበረች፣ በተዘራበት ይቅር የምትል፤ ለመናገር ከትንፋሽ በቀር አታስከፍልም ነበር።

እንግዲህ አቶ ካሳሁን፣ ስሜን ያጠፋል ብለው ለዳኛ ቢከሱኝ እቀርባለሁ። ግን ከዚያ በፊት፣ በሚመጣው የደብረ ታቦር በዓል፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስቦ ሳለ፣ ሁልጊዜ ለንግግር በሚነሡበት ሰዓት ይነሡ። ጌጤ ከሴቶቹ በኩል ትቆማለች። ያን ቃል ያስቀሩባት ረስተውት ነው? ሴት ናት ብለው ንቀዋት ነው? ወይስ የወንድምዎን መሬት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እያዩት ነበር? ሽማግሌ አይላኩብን፣ በጓዳም አይጥሩን። እዚያው በሕዝቡ ፊት፣ ጮክ ብለው፣ እሷ በምትሰማው በአማርኛ፣ ያለ አስተርጓሚ ይመልሱ።